የሲንቄ ትንፋሽ

አምቦ፣ ኅዳር 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለበዳቱ
አሰብ

የተወደድሽ በዳቱ፣

ሰላምታውን ለጊዜው አቆዪልኝና መጀመሪያ ክሴን ስሚ። በሹፌሩ እጅ የላክሽው ደረቅ ዓሣ ደርሷል። ለእኔ ብቻ ቢደርስ ምንም አልነበረም፤ ሽታው ከእኔ በፊት ለአውቶቡስ ጣቢያው፣ ለፖስታ ቤቱና ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደርሷል። ሹፌሩ ከረጢቱን ያስረከበኝ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነው። እኔ ሬዲዮ ሠሪ ነኝ እንጂ ዓሣ ነጋዴ አይደለሁም። አሁን ደንበኛ ሬዲዮውን በብብቱ ይዞ ይመጣና በራፌ ላይ ቆም ብሎ፣ «ተሬፋ፣ እዚህ ውስጥ የሞተ ነገር አለ እንዴ?» ይለኛል። የሰፈሩ ድመቶች ደግሞ ደጃፌ ላይ ስብሰባ መቀመጥ ጀምረዋል። ከእኛ ስብሰባ የሚለየው ሁሉም በሰዓቱ መገኘታቸው ነው።

ዓሣውን በላችሁት ወይ ብትዪኝ፣ አልበላነውም። የእናትሽ ጎረቤት ቀድሪያ ዘፈዘፈችው፣ ቀቀለችው፣ ውሃውን ደፍታ ደግማ ቀቀለችው፤ በመጨረሻ «ወላሂ ይሄ ዓሣ አይደለም፣ የጫማ ሶል ነው» ብላ ወደ ውጭ ወረወረችው። ድመቶቹ እንኳ ዙሪያውን ተቀምጠው ሲያዩት ቆዩና አንድ ባንድ ተበተኑ።

ስለ ዓሣው ሌላ ሁለት ገጽ መጻፍ እችል ነበር። ወረቀቱን ከትናንት ጀምሬ ፊቴ አስቀምጬዋለሁ። ከዓሣው ሌላ የምጀምርበት ነገር አጣሁ።

ባለፈው ደብዳቤ «እናትሽን ትንሽ ብርድ መቷታል» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ያን ያጻፈችኝ እሷ ናት። እንደምታውቂው እሷ በኦሮምኛ ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ሰፊ ቦታ አለ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሽ እሷ «በርትታ ትማር በላት» ስትለኝ፣ እኔ «በርቺ፣ አለዚያ ጉደር ላይ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ተገኝቶልሻል» ብዬ እጽፍልሽ ነበር። የአንቺንም ደብዳቤ ሳነብላት ያላልሽውን ጨምሬበታለሁ። ለእኔ ሸሚዝ ልትገዢልኝ መሆኑን ለምሳሌ አንቺ አልጻፍሽም።

ይህን ደብዳቤ ግን ማንም አላጻፈኝም። እንዲያውም እንዳልጽፈው ተከልክያለሁ። «አራስ ናት» አለችኝ። «ክፉ ወሬ ከሰማች ወተቷ ይደርቃል። ሕፃኗን እንዳታስርብብኝ።» ዝም ማለት መስማማት አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ስለዚህ በዳቱ፣ ትንሿን አቅፈሽ ከሆነ መጀመሪያ አስተኚያት። ከዚያ ተቀመጪና ቀጥዪ።

እናትሽን የሳንባ ካንሰር ይዟታል።

ይኸው፣ አንድ መስመር ናት። ፊደሎቹም እንደ ሌሎቹ ናቸው።

ነገሩ ከክረምት ጀምሮ ነው። ሳሉ ነበረባት፤ ሁላችንም ገበያ ከምትሸጠው የድንችና የገብስ ጆንያ አቧራ ነው አልን። ቀጥሎ ሰውነቷ መነመነ። ከዚያ ከገበያ ወደ ቤት ያለችውን ዳገት ስትወጣ ሁለት ቦታ እየተቀመጠች መምጣት ጀመረች፤ «መንገዱን እያየሁ ነው» ትለን ነበር። አርባ ዓመት የተመላለሰችበትን መንገድ! ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ ወስጄ አስመረመርኳት። ራጅ ተነሣች፣ በመርፌም ከደረቷ ናሙና ወሰዱ። በመጨረሻ ሐኪሙ «የሚያስታምማት ወንድ ዘመድ ማነው?» ብሎ እኔን ለብቻዬ አስጠራኝ። እሷ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከአንዲት የጊንጪ ሴት ጋር የጤፍ ዋጋ እየተከራከረች ነበር።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ቀዶ ጥገና የሚጠቅምበት ጊዜ አልፏል አለኝ፤ በሽታው ከሳንባዋ አልፎ ሽፋኑን ይዞታል፣ ትንፋሽ የሚያሳጥራትም በሽፋኑ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። «እንድትድን ማድረግ አንችልም» አለኝ። «እንዳትሠቃይ ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል። ውሃውን እንቀዳላታለን። ለሳሉና ለሕመሙ ማስታገሻ አለ። ቤቷ ሆና ከሰዎቿ ጋር ትሁን።» እኔም እንደ ተማሪ ራሴን ነቀነቅኩ። ተላላፊ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ አንቺንና ሕፃኗን አስቤ ነው። አይደለም፣ እንደ ቲቢ አይደለም፣ ማንም አቅፎ ሊስማት ይችላል አለኝ።

ያን ጊዜ ምን ተሰማህ ብትዪኝ ምንም። ከበሩ ወጥቼ ብርቱካን ገዛሁ። ላጥኩላት። የላጥኩትን ልጣጭ የት እንደምጥለው ሳስብ ቆየሁ።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

«ደረትሽ ውስጥ ውሃ ቋጥሯል፣ እንቀዳዋለን አለኝ።»

«ውሃ?»

«የአምቦ ሰው መሆንሽን በራጅ ነው ያወቀው።»

ሳቀች፣ ሳለች፣ ብርቱካኑን ተቀበለችኝ። ያልኳት ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ነው። በማግስቱ በቀጭን ቱቦ ሲቀዱላት ብልቃጡ ሲሞላ ዘወር ብላ አየችውና ሐኪሙን «ጋዝ አለው?» ብላ ጠየቀችው። ሐኪሙ አልገባውም። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር፤ መሳቅ እንዳለብኝ አውቄ ሳቅሁ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ከጊንጪ እስከ አምቦ አፏ አልተዘጋም። «ዳንኩ» አለችኝ። ለተሳፋሪውም «ውሃ ነበር፣ ወጣልኝ» እያለች ትነግራለች። ሰው ሁሉ «እልል» አላት። እኔም አልኩ።

አንዳንድ ጊዜ መብራቱ የሚበራ፣ ድምፅ የማያወጣ ሬዲዮ ይመጣልኛል። ባለቤቱ በመብራቱ ተታልሎ «ትንሽ ነገር ናት» ይለኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ እንደዚያ ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ አፌም በልማዱ ያሾፋል። የሬዲዮውን ጉድለት የት እንደምፈልገው አውቃለሁ።

አሁን ስለ ቤቷ ልንገርሽ፤ ነገ ሰው ሌላ ነገር ቢነግርሽ ከእኔ የሰማሽው ይሁን።

ሲስተር ኡርጌ የምትባል ነርስ አለች። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣችው፤ ከእናትሽ ቤት ትንሽ ከፍ ብላ ተከራይታለች። ከሆስፒታል ስትወጣ ሳትገባ አታልፍም። ብዙ ጊዜ ተረኛ አድራ ስለምትመጣ የእናትሽን የደም ግፊት ለክታ ወንበሩ ላይ ራሷ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ያኔ እናትሽ በጣቷ «ዝም በሉ» ትለናለች። መሳቅ የማትወድ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ቀን እንደገባች ክፍሉን አየችና «እዚህ ቤት አየር የለም፣ መስኮቱን ክፈቱ» አለች።

መስኮቱን ማን እንደዘጋው ልትገምቺ ትችያለሽ። ቀድሪያ ናት። ቀድሪያ ሱቋን ለልጆቿ ትታ ቀኑን ሙሉ እናትሽ ዘንድ ናት፤ እኔ በሦስት ቀን የማልሠራውን በአንድ ጠዋት ትሠራለች። ግን ሳንባን የሚገድለው ነፋስ ነው ብላ ታምናለች፤ ጎረቤቱም ሁሉ ከእሷ ጋር ነው። በመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ ጨርቅ ጠቅጥቃለች፣ በላዩ ብርድ ልብስ ሰቅላለች፣ የበሩን ሥር በጆንያ ደፍናለች። እናትሽ በዚያ ውስጥ ተቀምጣ አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች። የምትሞተው አየር አጥታ ነው፣ የምንከላከላት ደግሞ ከአየር።

ለቀድሪያ ነገርኳት። «አንተ የሬዲዮ ሰው ነህ» አለችኝ። «ብርድ የመታትን ሴት ነፋስ ላይ ልታሰጣት ነው?» ሲስተር ኡርጌም ነገረቻት፤ «እሺ ልጄ» አለቻትና ነርሷ እንደወጣች ዘጋችው። እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ትዘጋለች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት መፍቻ ይዤ ሄድኩና የመስኮቱን መዝጊያ ከነማጠፊያው ፈትቼ በትከሻዬ ተሸክሜ ወጣሁ። «ማጠፊያውን ዝገት በልቶታል፣ ልጠግነው ነው» አልኳቸው። አሁን ሱቄ ውስጥ ነው። በሁለት ሣጥን ላይ አጋድሜው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በእሱ ላይ ነው። ቀድሪያ ጠዋት ጠዋት «አለቀ?» ትለኛለች። «ዕቃው ከአዲስ አበባ አልመጣም» እላታለሁ። ሲመሽ በቀዳዳው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ትሰቅላለች፣ ሲነጋ አወርደዋለሁ። ሁለታችንም አንዳችን የሌላውን ሥራ አናነሣም። ታርቀናል መሰለኝ።

ነፋስ ፊቷ ላይ ሲነካት ጭንቀቱ እንደሚቀልላት ሲስተር ኡርጌ ስትነግረኝ ደግሞ ከተበላሸ ቴፕ ሞተር አወጣሁና ከወተት ቆርቆሮ ክንፍ ቆርጬ ማራገቢያ ሠራሁላት። በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። የመጀመሪያው ክንፉ ተነቅሎ በረረና የቀድሪያን ሻይ ደፋ። ሁለተኛው ደህና ነው፣ ይጮኻል እንጂ። እናትሽ «ንቧ» ብላዋለች። ትንፋሽ ሲያጥራት «ንቧን» ትለኛለች፤ ፊቷ አጠገብ እይዝላታለሁ፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትከሻዋ ቀስ እያለ ይወርዳል። ያን ጊዜ እኔ ክንዴ እስኪደነዝዝ እይዘዋለሁ። ክንዴ መደንዘዙ ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ እሱ ይታወቀኛል።

መድኃኒቷ ኮዴይን የሚባል ክኒን ነው። ሳሉን አስታግሦላታል፣ ጀርባዋንም የሚወጋትን ቀንሶላታል። ሆዷን ግን አደረቀባት። ይህን ለእኔ ለወንድሟ መናገር አፍራ ስንት ቀን ደበቀችን፤ ሲስተር ኡርጌ ጠይቃ ነው ያወጣጣቻት። አሁን ጠዋት ጠዋት የተልባ ውሃ ትጠጣለች። የመጀመሪያው ተልባ የሠራ ቀን በቤቱ የነበረውን ደስታ ልጽፍልሽ አልችልም፤ ቀድሪያ ለጎረቤት ልታውጅ ነበር፣ ከለከልናት። ሕመሙ ከክኒኑ በላይ ሲሆን የሚሰጥ ጠንካራ መርፌ አለ። «መርፌው ከተጀመረ አበቃ ማለት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሲስተር ኡርጌ አይደለም ትላለች፤ ሲያስፈልጋት እንድታገኝ ነው፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬበታለሁ አለችኝ። አምኛታለሁ።

ካሉብን ነገሮች ሁሉ ያስቸገረን ግን ሰላምታ ነው።

የአገርሽን ሰው ታውቂዋለሽ። ሰው ታመመ ሲባል የማይመጣ የለም፣ መጥቶም አጭር ሰላምታ የሚሰጥ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ከጎጆ ከተማ ኦቦ ኤጄታ መጡ፤ እኒያ ለእናትሽ ድንች የሚያመጡላት ሽማግሌ። በጥቅምት ብርድ በእግርም በጭነት መኪናም ተጉዘው ነው የመጡት፣ እግዜር ይስጣቸው። ገቡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ጀመሩ። «አካም ጂርታ ሲንቄ? ናጋ? ቤቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ዝናቡ ናጋ?» እናትሽ ደግሞ አንዱንም ሳትመልስ የማታሳልፍ ሴት ናት። «ናጋ… ገላተ ዋቃ… ናጋ…»፣ ሰላም ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን እያለች፣ በየመካከሉ አየር እየሳበች። ከዚያ የእሳቸውን ቤት፣ የእሳቸውን ከብት፣ የጎጆን ውርጭ ተራ በተራ መጠየቅ አለባት። የከብት ነገር ላይ ሲደርሱ ከንፈሯ ጠቆረ። ቤት ውስጥ የቀረ ከብት እንኳ የላትም።

ያን ቀን ሲስተር ኡርጌ «ያላት ትንፋሽ ትንሽ ነው፤ ለምትወደው ነገር ይሁንላት» አለችኝ። እኔም በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። አልጋዋ ራስጌ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በእሷ ፈንታ ሰላምታ እመልሳለሁ። «ሲንቄ፣ አካም ጂርታ?» ሲሏት እኔ «ናጋ፣ ገላተ ዋቃ» እላለሁ። «አደርሽ?» ሲሏት «አደርኩ» እላለሁ። እሷ ራሷን እየነቀነቀች ታጸድቅልኛለች። ኦቦ ኤጄታ ሳይመለሱ ሊሰናበቷት ደግመው መጡ፤ ሲያዩን ግራ ገባቸው።

«ሲንቄ ራሷ አትናገርም?»

«ሹመት አግኝታለች ኦቦ» አልኳቸው። «ከእንግዲህ የምትነጋገረው በጸሐፊዋ በኩል ነው።»

«መቼ ተሾመች?»

«ገና በይፋ አልተነገረም።»

እሳቸው «እንዲያ ነው» ብለው በቁም ነገር አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ወደ እኔም ጠጋ ብለው፣ «እንግዲያው የድንቹን ነገር ለአንተ ልንገርህ?» አሉኝ። እናትሽ አልቻለችም፣ ሳቀች። ሳቁ ሳል አመጣ፣ ሳሉ ትንፋሿን ወሰደው፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ንቧን ይዘንላት እስክትረጋጋ ብዙ ቆየን። ኦቦ ኤጄታ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ወጡ።

ማታ ሲስተር ኡርጌ ደጅ ጠራችኝ። «አቶ ተሬፋ፣ ሲያስቋት ሳሉ ይነሣባታል። ለማገገም ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። እባክዎ አያስቋት።»

«እኔ ሆን ብዬ አላስቃትም፣ ፊቴ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ፊትዎን ይቀይሩ» አለችኝ። እሷም አልሳቀችም።

ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ስቀመጥ እንደ ዳኛ ነኝ። «ደህና አደርሽ? ምሳ በላሽ? ክኒኑን ዋጥሽ?» ከዚህ ሌላ አልልም። ቀድሪያ «አንተ ልጅ፣ በስተርጅና ሰው ሆንክ» ብላኛለች። እናትሽ ግን ታየኛለች። ትናንት ጡንቻዋን እያሸሁላት «ምነው?» አለችኝ። «ምን?» አልኳት። «ምንም» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እኔን ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከእሷ ፊት የምደብቀው ፊት የለኝም፤ አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው፣ እሱን ደግሞ ነርሷ ወሰደችብኝ።

ማክሰኞ ዕለት ውሃውን እዚሁ አምቦ ደግመው ቀዱላት። ከቀኑ አጋማሽ ጀምሮ እንደ ድሮዋ ሆነች፤ ገንፎ በላች፣ የአንቺን ፎቶ አስወርዳ አየች። «ይህ ከወጣልኝ ለገና አሰብ እሄዳለሁ» አለች። «ያን ሙቀት እችለዋለሁ? ለትንሿ ምን ልውሰድላት?» ቀድሪያ ጥጥ ፈትላ ለሕፃን የሚሆን ፎጣ ልታሠራላት ተስማሙ። እኔ መንገዱ በደሴ በኩል ይሻል ይሆን እያልኩ አብሬ ተነጋገርኩ። ወደ ውጭ ስንወጣ ሲስተር ኡርጌን ጠየቅኋት። ውሃው በየጊዜው ቶሎ ቶሎ ነው የሚመለሰው፣ ቀጣዩ ከዚህኛው ይፈጥናል አለችኝ። «ገናስ?» አልኳት። «ገናን ለራስዎ ቃል አይግቡ» አለችኝና ወደ ቤቷ ዳገቱን ወጣች።

ይኸው ነው በዳቱ። ነይ አልልሽም። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ሕፃን ይዞ በዚያ በረሃ መጓዝ ምን እንደሆነም እገምታለሁ፣ ባልሽም ወደቡን ትቶ መምጣት ላይችል ይችላል። አትምጪም አልልሽም። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እሷ ወተትሽን ስትፈራ፣ አንቺ ብርድ ነው ብለሽ ስታምኚ፣ እኔ በመካከል ሆኜ ለሁላችሁም «ናጋ፣ ናጋ» እያልኩ አንድ ቀን ሽማግሌዎች በማለዳ በርሽን እንዳያንኳኩ። በሕይወት ሳለች የምትጠይቂያት፣ የምትነግሪያት ነገር ይኖርሻል። እኔ በእሷ ፈንታ ሰላምታ መመለስ እችላለሁ። ያን ግን አልችልልሽም።

መምጣት ካልቻልሽ ድምፅሽን በካሴት ቅጂና ላኪልኝ። የትንሿም ለቅሶ ይግባበት። እኔ እ

በሩ ተንኳኳ። ሱቁን ዘግቻለሁ፤ ሬዲዮውን የሚፈልግ ሰው ይሆናል። ቆዪኝ።

እናትሽ ናት።

ብቻዋን ናት። ከአዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ በእግሯ ከግቢዋ ወጥታ አታውቅም። ቀድሪያን ለጸሎት ወደ ቤቷ ስትሄድ ጠብቃ ነው የወጣችው መሰለኝ። ነጠላዋን ደርባ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ደግፌ አስገባኋት። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ሲስተር ኡርጌ እንዳስተማረቻት ክንዶቿን ዘርግታ ወደ ፊት ደገፍ ብላለች። ለመናገር ትንፋሽ የላትም፤ ስለዚህ እስኪመለስላት እየጻፍኩ እጠብቃታለሁ። ብዕሬን ታያለች።

«ለበዳቱ ነው?» አለችኝ አሁን።

«ለእሷ ነው።»

«ከልክዬህ ነበር።»

«ከልክለሽኝ ነበር፣ እትዬ።»

እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ነው የምታወጣው። «ማሾፍ ተውክብኝ» አለች። «እናታችን ልትሞት ስትል… እንዲህ ሆነህ ነበር።»

በእሷ ፈንታ ስንቱን መለስኩ፣ ለራሴ ግን አንድ ቃል አላገኘሁም።

«አንብብልኝ» አለችኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳነሣ እጇን በላዩ ጫነችው። «እንዳለ።»

እንዳለ ካነበብኩላት ሐኪሙ ለብቻዬ የነገረኝንም ትሰማዋለች። የምትሰማው ግን አዲስ ነገር አይመስለኝም። ከእኔ አፍ እስኪወጣ ነው ስትጠብቅ የቆየችው። ጨርሳ ሰምታ «ቅደደው» ካለችኝ እቀደዋለሁ። ይህ ወረቀት እጅሽ ገብቶ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች፣ «ላክላት» ያለችኝም እሷ ናት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለታችሁም የምታውቁት አንድ ነው።

ዋቃ ወተትሽን አያጉድልብሽ። ትንሿን በጤና ያሳድግልሽ። መንገድም ከሆነ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ትንፋሿ ተመልሷል። ላንብብላት።

አጎትሽ ተሬፋ